ድምፅን በብረት ላይ ያሳደሩት ቫልደማር ፖልሰን

ተንቀሳቃሽ ስልክ በየኪሱ ከመግባቱ በፊት፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው በዓረብ ምድር ይሠሩ ከነበሩ ወገኖቻችን መካከል ብዙዎቹ ለቤተሰቦቻቸው ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ድምፃቸውን በካሴት ቀርጸው ወደ አገር በሚመለስ ሰው እጅ መላክን ይመርጡ ነበር። ፊደል ያልቆጠረች እናት ደብዳቤ የሚያነብላት ሰው መለመን ሳያስፈልጋት የልጇን ድምፅ ከአንደበቱ እንደወጣ ትሰማው ነበር፤ መልሷም በዚያው ካሴት በሌላው ገጽ ተቀርጾ ይመለሳል። ዛሬ በጂዛን፣ በባይሽ ወይም በሌሎቹ የደቡብ ድንበር ከተሞች በሚኖር ሰው ሻንጣ ሥር እንዲህ ያለ ካሴት ቢገኝ፣ በውስጡ የተጠቀለለው ቡናማ ክር በፕላስቲክ ላይ ከተለበጠ የብረት ዝገት የተለየ ነገር አይደለም። በሕይወት የሌለች እናት ድምፅ በዝገት ላይ አድሯል ማለት ነው። የባሕሩ ዳርቻ ወበቅና እርጥበት ደግሞ ለእንዲህ ያለው ዕቃ ወዳጅ አይደለም።

ድምፅ በብረት ላይ አድሮ በማግስቱ ሊሰማ እንደሚችል በሥራ ያሳዩት የመጀመሪያው ሰው ዴንማርካዊው ቫልደማር ፖልሰን ናቸው። ካሴቱ፣ የራዲዮ ጣቢያው የቴፕ ጥቅል፣ ፍሎፒ ዲስኩና ሀርድ ዲስኩ ሁሉ የዘር ሐረጋቸው ወደ እኚህ ሰው ይደርሳል። ፋብሪካዎች ፍሎፒ ዲስክ ማምረት ካቆሙ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ አንዳንድ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ይህንኑ ዕቃ በቤታቸው፣ በገዛ እጃቸው ለመሥራት ሲሞክሩ ይታያል። እነዚህ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር እንግዳ ቢመስልም፣ ፖልሰን በወጣትነታቸው ካደረጉት እምብዛም የራቀ አይደለም። የሕይወት ታሪካቸውን ዛሬ ማንሳታችንም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፖልሰን የተወለዱት በኮፐንሃገን ከተማ እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1869 ነው። አባታቸው በዴንማርክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። በ1889 ወደ ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ገብተው እስከ 1893 ድረስ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሩ፤ ከዚያም በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ በቴክኒክ ክፍል ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። ልባቸው ከመጽሐፉ ይልቅ ወደ ሙከራው ያደላ እንደነበር ከኋላ ሥራቸው መረዳት አያዳግትም።

በስልክ ኩባንያው ያገኙት ዕውቀት ብቻ አልነበረም፤ ችግርም አግኝተዋል። በዚያ ዘመን ስልክ የደወለ ሰው ተቀባዩ በቦታው ከሌለ ድካሙ ከንቱ ይቀራል። ቴሌግራም ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ደብዳቤም ደጃፍ ላይ ይጠብቃል፤ በስልክ ሽቦ የመጣ ድምፅ ግን የሚሰማው ካላገኘ እንደ ነፋስ አልፎ ይሄዳል። ፖልሰን ያሰቡት ይህን አላፊ ድምፅ የሚያቆይ መሣሪያ ነበር። እርግጥ የቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍ ከ1877 ጀምሮ ድምፅን መቅረጽ ችሎ ነበር። እርሱ ግን ድምፅን በመርፌ እየቧጠጠ የሚጽፍ በመሆኑ የሚያስፈልገው ጉልበት ያለው ድምፅ ነው፤ በስልክ ሽቦ ውስጥ የሚሄደው ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያንን መርፌ የማንቀሳቀስ አቅም አልነበረውም።

መፍትሔው ከማግኔት መጣ። ማንኛውም ተማሪ ማግኔት ያሻሸው መርፌ ራሱ ማግኔት እንደሚሆን ያውቃል። ፖልሰን የጠየቁት ጥያቄ ከዚህ አንድ እርምጃ የራቀ ነበር፦ አንድ ረጅም የአረብ ብረት ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ ሳይሆን፣ በየነጥቡ በተለያየ መጠን ማግኔት እንዲሆን ቢደረግስ? ብዙ ሰው ሐሳቡን የማይሆን ነው ይለው ነበር፤ በአንዱ ነጥብ የገባው ማግኔትነት በሽቦው ርዝመት ሁሉ ተሰራጭቶ ይደባለቃል የሚል እምነት ነበርና። ኦበርሊን ስሚዝ የተባሉት አሜሪካዊ መሐንዲስም ተመሳሳይ ሐሳብ በ1888 በአንድ የኤሌክትሪክ መጽሔት ላይ ጽፈው ነበር። እርሳቸው ግን በደንዳናው ሽቦ ላይ እምነት ስላጡ፣ የብረት ብናኝ የተፈተለበት የጥጥ ወይም የሐር ክር ይሻላል ብለው አስበው፣ ነገሩን ለሌሎች ትተው ወደ ሌላ ሥራቸው አለፉ።

ፖልሰን ከመከራከር ይልቅ ሞከሩት። በ1898 በአንድ ክፍል ውስጥ የፒያኖ ሽቦ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወጠሩ። በሽቦው ላይ የሚንሸራተት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማግኔት አንጠለጠሉ፤ ማግኔቱንም ከስልክ መናገሪያ ጋር አገናኙት። መሣሪያው በሽቦው ላይ እየሄደ ሳለ ወደ መናገሪያው ተናገሩ። የድምፃቸው መነሣትና መውደቅ የኤሌክትሪኩን ፍሰት ከፍና ዝቅ አደረገው፤ ፍሰቱም የማግኔቱን ኃይል፤ የማግኔቱም ኃይል በሽቦው ላይ በየነጥቡ ታተመ። ቀጥለው መናገሪያውን በማዳመጫ ተኩና ማግኔቱን ወደ መነሻው መልሰው በዚያው መንገድ አስኬዱት። ሽቦው የተቀበለውን መለሰ፤ የገዛ ድምፃቸው በጆሯቸው ውስጥ ተሰማ።

የዚህ ሙከራ ውበት ዕቃው ተራ መሆኑ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ ሽቦ፣ የስልክ መናገሪያ፣ በብረት ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦና ባትሪ ብቻ ነው ያለው። ዛሬ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ መድገም የሚያዳግት አይመስለንም።

በታኅሣሥ 1 ቀን 1898 ፖልሰን በዴንማርክ የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻቸውን አስገቡ። መሣሪያውን ቴሌግራፎን ብለው ሰየሙት። የመጀመሪያው ሞዴል ሽቦው እንደ ክር በበርሜል ዙሪያ የተጠመጠመበት ሲሆን የሚይዘው ንግግር ከአንድ ደቂቃ ገደማ አይበልጥም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የአጋጣሚ ነገር ሳናነሳ ማለፍ አንወድም። በዚያው በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ አጼ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላኩት የድምፅ መልእክት በፎኖግራፍ የሰም በርሜል ላይ ተቀርጾ ነበር። መልእክቱ አዲስ አበባ ደርሶ ከተደመጠ በኋላ በንግሥቲቱ ፈቃድ መሠረት በርሜሉ ተሰበረ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በተራቸው የመለሱት ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይሰማል። ሰም አንድ ጊዜ ከተጫረ የሚጠፋው ሲፋቅ ወይም ሲሰበር ነው። የፖልሰን ሽቦ ጠባይ ከዚህ ይለያል፤ ማግኔት ሲያልፍበት የቀድሞው ድምፅ ይጠፋና ሽቦው እንደ አዲስ ይሆናል። ቪክቶሪያ ቴሌግራፎን ቢኖራቸው ኖሮ ምንም መስበር ባላስፈለጋቸው ነበር። ለእኛ ግን የሰሙ ጥንካሬ በጅቶናል።

በ1900 ፖልሰን ቴሌግራፎኑን ይዘው ወደ ፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሄዱ፤ በዚያም ታላቁን ሽልማት ተቀዳጁ። በዚያ ዘመን ገደማ የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ በመሣሪያው ፊት ቀርበው ጥቂት ቃላት ተናግረዋል። የአሜሪካ መንግሥትም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን አጸደቀላቸው። ፖልሰን ገና የ30 ዓመት ሰው ነበሩ።

በሥራው አብረዋቸው የደከሙትን ፔደር ኦሉፍ ፔደርሰንንም ማንሳት ተገቢ ነው። ፔደርሰን የገጠር ልጅ ነበሩ። በልጅነታቸው ያለ ነዳጅ ዘላለም የሚሽከረከር ማሽን አስበው ንድፉን ለዴንማርክ ንጉሥ በደብዳቤ ላኩ። ማሽኑ የማይቻል ነገር ነው፤ ደብዳቤው ግን የትምህርት በር ከፈተላቸው። ኋላ የአገሪቱ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የበላይ ኃላፊ ለመሆን በቁ። ሁለቱ ሰዎች አብረው ከደረሱባቸው ነገሮች አንዱ፣ ሽቦው ድምፅ ከመቀበሉ በፊት በቋሚ የኤሌክትሪክ ፍሰት ቢዘጋጅ የሚቀረጸው ድምፅ ይበልጥ ጥርት እንደሚል ነው። ይህ ዘዴ ተሻሽሎ ከአርባ ዓመት በኋላ የቴፕ መቅረጫን ከሹክሹክታ ወደ ሙዚቃ ያሸጋገረው ሐሳብ መነሻ ነበር።

ፖልሰን በሽቦ ብቻ አልቆሙም። ሽቦ ይጠላለፋል፣ ይበጠሳል፣ የሚፈለገውን ቦታ ለማግኘትም ከጫፍ ጀምሮ መተርተር ያስፈልጋል። ስለዚህ የብረት ጥብጣብ ሞከሩ፤ ቀጥሎም የእጅ መዳፍ የሚያህል ክብ የአረብ ብረት ዝርግ ሠሩ። ማግኔቱ በዝርጉ ላይ እየተሽከረከረ ከዳር ወደ መካከል ይሄዳል። ዝርጉ በውስጡ ጥቂት ደቂቃ ንግግር ይዞ በፖስታ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ሊላክ እንዲችል ታስቦ ነበር። የድምፅ ደብዳቤ ማለት ነው፤ ኋላ ካሴት በጅዳና በአዲስ አበባ መካከል የሠራውን ሥራ በሐሳብ ደረጃ የቀደመው ይህ ዝርግ ነው። ከዚያም በላይ፣ የሚሽከረከር ክብ ዝርግና በላዩ የሚንቀሳቀስ የማግኔት ራስ የሚለው አሠራር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ለኮምፒውተር ማስቀመጫ ተመልሶ መጣ። አይ ቢ ኤም በ1956 ያቀረበው የመጀመሪያው የዲስክ ማስቀመጫ 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ዝርጎች ነበሩት፤ ሁሉም ተደምረው የሚይዙት 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር። ከ1971 ጀምሮ ደግሞ ዝርጉ ከብረት ይልቅ በቀጭን ፕላስቲክ ተሠርቶ ፍሎፒ ዲስክ ሆነ።

ከብረት ወደ ፕላስቲክ ያሸጋገረው ድልድይ ጀርመናዊው ፍሪትዝ ፍሎይመር ነበሩ። እርሳቸው ለሲጋራ ጫፍ ወርቃማ ቀለም ያለው የብረታ ብረት ብናኝ በወረቀት ላይ የማጣበቅ ሙያ ነበራቸው። በ1928 ያንኑ ሙያ ወደ ብረት ብናኝ አዙረው በወረቀት ጥብጣብ ላይ ለበጡት፤ የቴፕ ክር በዚህ ተወለደ። ሐሳቡን የገዛው የጀርመን ኩባንያ በ1935 በበርሊን የራዲዮ ኤግዚቢሽን ላይ መሣሪያውን ለሕዝብ አሳየ። ሲጋራ ለዓለም ከሰጠው ነገር ሁሉ መልካሙ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ቤት ውስጥ ሠሪዎቹ እንመለስ። ሶኒ ኩባንያ በ2011 የፍሎፒ ዲስክ ሽያጩን ካቆመ በኋላ በዓለም ላይ የቀረው ከመጋዘን የሚወጣ አሮጌ ክምችት ነው። ፍላጎቱ ግን ጨርሶ አልጠፋም። የልብስ ጥልፍ ንድፍን በፍሎፒ የሚቀበሉ የቆዩ የጥልፍ ማሽኖች አሉ፤ የአቅጣጫ መረጃቸው በየ28 ቀኑ በፍሎፒ የሚታደስ አሮጌ አውሮፕላኖችም ነበሩ። የጃፓን መንግሥት ለመሥሪያ ቤቶቹ ሰነድ በፍሎፒ እንዲቀርብ ያዙ የነበሩ ደንቦችን ጠራርጎ ያስወገደው በ2024 ነው።

በቤት ውስጥ የሚሠራው ፍሎፒ አሠራሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ስስ የፕላስቲክ ወረቀት ይዘጋጃል። ማግኔት የሚቀበል ጥቁር ወይም ቡናማ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ከማጣበቂያና ከማቅጠኛ ጋር ተደባልቆ እንደ ቀለም ይቀባል፤ ሲደርቅ በክብ ይቆረጣል፤ መካከሉ ላይ የሚሽከረከርበት ብረት ይገጠምና በሽፋን ውስጥ ይገባል። ችግሩ ያለው በስስነቱ ነው። ተራው የ3.5 ኢንች ፍሎፒ በአንድ ገጽ 80 መስመሮች አሉት፤ በአንዱና በቀጣዩ መስመር መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ቅቡ ከጸጉር እጅግ የሳሳና በሁሉም ቦታ እኩል መሆን አለበት። አንዲት የዱቄት ጓል ብትቀር የማንበቢያው ራስ ይፍቃታል፤ ራሱም ይቆሽሻል፤ የተጻፈውም ይበላሻል። ዱቄቱን ለሰዓታት መፍጨት፣ ቅቡን በሚረጭ መሣሪያ ደጋግሞ መሞከር፣ አሥሩን ጥሎ አንዱን ማትረፍ የሥራው ባሕርይ ነው። ተሳካ የሚባለው ዲስክም አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን 1.44 ሜጋባይት ሳይሆን ጥቂት መስመሮችን ብቻ ይዞ የሚመለስ ነው።

ይህን ድካም የጊዜ ማባከን አድርጎ መቁጠር ይቻል ይሆናል። እኛ ግን በዚያ አናይም። አንድ ዕቃ ከገበያ ሲወጣ አብሮት የሚጠፋው የአሠራሩ ዕውቀት ነው፤ ዕውቀቱ ከጠፋ ደግሞ በዕቃው ላይ ያደረው ነገር ሁሉ ባለቤት ያጣል። ቅቡ ለምን እንደሚላጥ፣ ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል፣ የተጣበቀ ክር እንዴት እንደሚላቀቅ የሚያውቀው አንድ ጊዜ በእጁ የሠራው ሰው ነው። በአገራችን ሸክላ ለካሴት ቦታውን ከለቀቀበት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለው የሙዚቃ፣ የዜናና የቤተሰብ ድምፅ አብዛኛው የታተመው በዚህ ዓይነት ቅብ ላይ ነው። በባይሽ ሻንጣ ውስጥ ያለው ካሴትም ከዚሁ ይቆጠራል። ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ፣ ከድምፅ ማጉያ ማግኔት ተለይቶ፣ በቁሙ ተቀምጦ እንደሆነ ገና ተስፋ አለው፤ ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር የሚገለበጥበትን ቀን ግን ብዙ ማራዘም አይገባም።

ፖልሰን ራሳቸው ከፈጠራቸው ሀብት አላፈሱም። መብቱን ይዞ በ1903 በአሜሪካ የተቋቋመው የቴሌግራፎን ኩባንያ መሣሪያውን ለቢሮ ጸሐፊዎች ማስጻፊያነት ሊሸጥ ተነሣ። ግማሽ ሰዓት ንግግር ለመያዝ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቦ ያስፈልግ ነበር። ዋጋው ከፎኖግራፍ ይወደዳል፤ ድምፁም ደካማ ነው፤ ድምፅ የሚያጎላ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ በዚያን ጊዜ ገና ስላልነበረ የሚደመጠው ማዳመጫ በጆሮ ላይ ተደርጎ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ኩባንያው በአስተዳደር ጭቅጭቅና በባለአክሲዮኖች ክስ ተጠምዶ ቆየ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ከሥራ ውጭ ሆነ። ፈጠራው የቀደመው ዘመኑን ነው፤ የሚያስፈልገው ማጉያ ሲመጣ የባለቤትነት መብቱ ዕድሜ አልፎ ነበር።

ስማቸውን በሕይወት ሳሉ ያስጠራው ሌላ ሥራ ነው። በ1903 ገደማ የእንግሊዛዊውን የዊልያም ደደልን የኤሌክትሪክ ቅስት መብራት ወስደው በሃይድሮጅን ጋዝ ውስጥ አስገቡት፤ በብርቱ ማግኔት መካከልም አኖሩት። በዚህም በእሳት ብልጭታ ይሠሩ ከነበሩት አስተላላፊዎች በተለየ ሳይቆራረጥ የሚሄድ የራዲዮ ሞገድ ማመንጨት ቻሉ። ያልተቆራረጠ ሞገድ ደግሞ የሰውን ድምፅ ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል። በኮፐንሃገን አጠገብ በሊንግቢ ካቆሙት ጣቢያ የተላከ ድምፅ በ1907 በበርሊን አቅራቢያ ተሰማ። በ1909 ሲረል ኤልዌል የተባሉ ወጣት መሐንዲስ ከካሊፎርኒያ ኮፐንሃገን ድረስ መጥተው የአሜሪካውን መብት ገዙ፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይልም በዚህ ዘዴ ታላላቅ ጣቢያዎችን አቆመ። በጦርነቱ ማብቂያ በፈረንሳይ ቦርዶ አጠገብ የተሠራው የቅስት አስተላላፊ 1,000 ኪሎ ዋት ኃይል ነበረው። ከዚያ የቫኩም አምፖል መጣና ቅስቱን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጡረታ አወጣው።

ክብር አልተነፈጋቸውም። በ1907 የዴንማርክ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። በ1939፣ 70 ዓመት ሲሞላቸው፣ የአገራቸው የቴክኒክ ሳይንስ አካዳሚ በስማቸው የወርቅ ሜዳሊያ አቋቋመ። በዓመቱ ሚያዝያ የናዚ ጀርመን ጦር ዴንማርክን ወረረ። የጀርመን ራዲዮ በዚያ ወቅት የሙዚቃ ዝግጅቶቹን በተሻሻለው ቴፕ እየቀረጸ፣ አድማጩ ከቀጥታ ስርጭት መለየት እስኪያቅተው ድረስ አጥርቶ ያሰማ ነበር። የተወረረችው ዴንማርክ ልጅ የወጠሩት ሽቦ በወራሪው እጅ ፍሬ አፈራ።

ፖልሰን በ1942 ክረምት፣ አገራቸው ነጻ ከመውጣቷ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በ72 ዓመታቸው አረፉ። በተወለዱበት መቶኛ ዓመት በ1969 የዴንማርክ ፖስታ ምስላቸው ያለበት ቴምብር አወጣ። ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ የተናገሩበት ሽቦ በዴንማርክ የቴክኒክ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል፤ በማግኔት ከተቀረጹና እስከ ዛሬ ከተረፉ ድምፆች ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚው እርሱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉት በ1916 ነው፤ ዘውዳቸው በ1918 ወድቋል፤ ግዛታቸውም ተበታትኗል። በሽቦው ላይ የቀሩት ጥቂት የጀርመንኛ ቃላት ግን ወደ ዘመናዊ ማስቀመጫ ተገልብጠው፣ ከጩኸትና ከስንጥቅታ መካከል፣ ዛሬም ይሰማሉ።